የሳሎኑ መንገድ

ፍሰሐ የገዛ ቤቱን በር እንደ ሌባ ቀስ አድርጎ የከፈተው ለሚስቱ እንቅልፍ አዝኖ አልነበረም፤ መመለሱን እንዳታይበት ነው። ማለዳ ማለዳ ከልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወርዶ፣ እጁን እንደ ወታደር እያወናጨፈ፣ ከፊቱ ያገኘውን እግረኛ ሁሉ እየቀደመ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ደርሶ የሚመለስ ሰው፣ ዛሬ ዋናው አስፋልት ላይ ገና እንደወጣ ባቱ ተኮማትሮ እንደ ድንጋይ ደረቀበት። መንገድ የምትጠርግ ሴት መጥረጊያዋን አቁማ «አባባ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ እንጂ» ስትለው፣ «ምን ሆንኩና!» ብሎ ተቆጥቷት እያነከሰ ተመለሰ። ደረጃውን የወጣው የብረት መደገፊያውን በሁለት እጁ እየጎተተ ነበር። ሐሳቡ፣ ሚስቱ ፀሐይቱ ከተኛችበት ሳትነሳ መታጠቢያ ቤት ገብቶ እግሩን በሙቅ ውሃ ሊያሽ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ከሩቅ መንገድ እንደመጣ ሰው እያለከለከ ብቅ ሊል ነው።

ፀሐይቱ ግን አልተኛችም። ከመግቢያው ወደ ሳሎን የሚያሻግረው አጭር ኮሪደር ጨለማ ነው፤ ሳሎኑ መብራት በርቷል። ሶፋዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተኝቷል፣ መሀል ላይ የቀረው ጠረጴዛው ብቻ ነው። ፀሐይቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ወፍራም ካልሲ አድርጋ፣ ያንን ጠረጴዛ ትዞራለች። አትሮጥም፣ አትጎተትም። በቡፌው በኩል ስታልፍ ጠርዙን በእጇ ዳበስ ታደርጋለች፤ የእመቤታችን ሥዕል ከተሰቀለበት ግድግዳ ፊት ስትደርስ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች፤ እንደገና ትዞራለች። ስልኳ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከውስጡ የምታወራው ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው የወሎዋ ሸምሲያ ናት። እሷም በበኩሏ ቤቷ ውስጥ እየተራመደች መሆኗ ከትንፋሿ ያስታውቃል።

«ጋሽ ስምሪት ወጡ?»

«ወጥቷል። ይሄኔ ሜክሲኮን እያባረራት ነው።»

ሸምሲያ ሳቀች። «የኔው ሁመድ ደግሞ እንደ ድንች ተቀብሮ ተኝቷል። በላዩ ብሄድበትም አይሰማ። እኔ ከወጥ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ወጥ ቤት ነኝ፤ ፍሪጁ ጋ ስደርስ ነው ትንሽ የምቆመው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።» ትንፋሿን ሰበሰበችና ቀጠለች። «እትዬ ፀሐይ፣ ምናለ ወርደን ግቢውን ብንዞረው? አየሩ እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ።»

ፀሐይቱ አንዴ ዞራ ጨረሰች። «ሲመለስ ያገኘኛላ።»

«ቢያገኝሽስ? የሰረቅሽው ነገር አለ?»

«አንቺ አታውቂውም፣ ሸምሲ። እሱ ሲያየኝ እግሬ ይተሳሰራል። በግ ነጂ ነው የሚሆነው። ሌላው ሁሉ ደግነቱ አለ፣ አልበድለውም። ግን እሱ ፊት መራመድ አልቻልኩም። እዚህ እመቤቴ ብቻ ናት የምታየኝ፤ እሷ ደግሞ አትጮህብኝም።»

«ወላሂ፣ እንቁላልም እኮ በእግሩ የሄደው ማንም ስላልጮኸበት ነው!»

ፀሐይቱ በዚህ ሳቀች። ከሆዷ የወጣ፣ የልጃገረድ የሚመስል ሳቅ ነበር። ፍሰሐ ጨለማው ውስጥ ቆሞ፣ ይህን ሳቅ መጨረሻ የሰማው መቼ እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረና አልመጣለትም። የባቱን ሕመም ረስቶታል። ጆሮው ብቻ ነበር የሚያቃጥለው። በገባበት በር እንደ አመጣጡ ቀስ ብሎ ወጥቶ ዘጋውና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ወደ ሥራ የምትወርድ ጎረቤት «ጋሽ ፍሰሐ፣ ዛሬ ስፖርት የለም እንዴ?» ብትለው «ጨርሼ ነው» አላት። ውሸቱን እሷም አመነችው፤ እሱ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጨርስ ሰው ነውና።

ስምሪት የሚለውን ስም ሸምሲያ ከሰማይ አላወረደችውም። ፍሰሐ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት የስምሪት ኃላፊ ነበር። ሥራው ሰዓቱን እያየ «ለምን ዘገየህ» ማለት ነው። ጡረታ ሲወጣ አውቶቡሶቹ ቀሩ፣ «ለምን ዘገየህ» ግን አብሮት ቤት ገባ። ለሚስቱ ስኳር «ቀስ ያለ የእግር ጉዞ ያስፈልጋታል» የተባለ ዕለት፣ ደስ ያለው እሱ ነበር፤ የሚያሰማራው ሰው አገኘ። ለራሱ ደም ግፊትም ይኸው ታዝዞለት ስለነበር ሁለቱ አብረው መውጣት ጀመሩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፀሐይቱ ጉልበቴን አመመኝ ብላ ቀረች። እሱም ሰነፈች ብሎ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ሐዋሳ ለምትሠራው ልጃቸው ለቤርሳቤህ ሲናገር ከረመ። በየማለዳው ሲመለስም ጫማውን ሳያወልቅ፣ ወጥ ቤት ሻይ የምታፈላውን ሴት «እንግዲህ ተኚ! ሰው ስንት ቦታ ደርሶ መጣ» ይላት ነበር። ዛሬም በሩን አንኳኩቶ ሲገባ ሶፋዎቹ ቦታቸው ተመልሰዋል፣ ምንጣፉ ተነጥፏል፣ ፀሐይቱም ምድጃው ፊት ቆማለች። የለመደው ቃል ምላሱ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር። እንደምንም ዋጠውና «እንዴት አደርሽ» አላት። ፀሐይቱ ማንኪያውን ይዛ ዞር ብላ አየችው።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

ያን ቀን የሁለቱም የክትትል ቀን ነበር። ወደ ጤና ጣቢያው በእግር ነው የሚሄዱት፤ ሩቅ አይደለም። እንደ ልማዳቸው እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ወጡ። ፍሰሐ ዛሬ አብሯት ጎን ለጎን ሊሄድ ቆርጦ ነበርና እርምጃውን ቀነሰ። እሷም ቀነሰች። ይበልጥ ቀነሰ፤ እሷም ይበልጥ። ከኋላው ያለውን ያንን ርቀት ለምዳው ኖሮ፣ እሱ በዘገየ ቁጥር እሷ እየዘገየች፣ አዲስ በተነጠፈው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ሁለቱም ሊቆሙ ምንም አልቀራቸው። ከኋላ የመጡ ተማሪዎች እየሳቁ ዞረዋቸው አለፉ። «አሞሃል እንዴ ፍሰሐ?» አለችው፣ ከዚያው ከርቀቷ ሆና። ሊነግራት ነበር። ጠዋት አየሁሽ ለማለት አፉን ከፈተ። የወጣው ግን «ሙዙ ስንት ነው ያሉት እዚያ ጋሪው ላይ?» የሚል ሆነ። እሷም የሙዝ ዋጋ የት እንደደረሰ፣ ባለፈው የገዛችው ውስጡ ጥቁር እንደነበር ነገረችው፤ እንዲህ እያወሩ ደረሱ።

ነርሷ ወጣት ናት፤ ቶሎ ትናገራለች፣ ቶሎ ትስቃለች። የፀሐይቱን ውጤት አየች፣ ከባለፈው ጋር አስተያየች፣ ወንበሯን ወደፊት ሳበች። «እናቴ! ምን እያደረጉ ነው? ስኳሩም ወርዷል፣ ግፊቱም ቆንጆ ነው። መድኃኒቱ አልተቀየረ። እየሄዱ ነው፣ አይደል?»

ፀሐይቱ የነጠላዋን ጥለት ማፍተልተል ያዘች። «እንዲያው ትንሽ ትንሽ።»

«ማን ነው የሚያስኬድዎት?»

«እኔ ነኛ!» አለ ፍሰሐ።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ነድቶት በሰዓቱ ለደረሰ አውቶቡስ ሪፖርቱ ላይ የሚፈርመው እሱ ነበር፤ አፉ ያንን ነው የሠራው። ልጅነት ቢሆን፣ አለማወቅ ቢሆን ይቀል ነበር። እያወቀ ነው። ገና ጠዋት በዓይኑ ያየውን ነው። ፀሐይቱ ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ማወቁን አታውቅም፤ ስለዚህ ያየችው እንደ ውሸታም ሳይሆን እንደ ምስኪን ነበር። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞረችና፣ «አዎ፣ እሱ ነው» አለች። በዚያች ቅጽበት ፍሰሐ መሬት ብትከፈት ይሻለው ነበር። በሚስቱ መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ ሚስት ውሸቱን ተቀብላ፣ አቧራውን አራግፋ፣ ሰው ፊት ስታለብሰው ግን ልብሱ ያቃጥላል።

ነርሷ የእጁን መጠቅለያ እያጠበቀች መሣሪያውን አየችና ሳቋን ተወች። የእሱ ግፊት ከባለፈውም ብሷል። «አባቴ፣ እርስዎስ? እሳቸውን እንዲህ ቀስ አድርገው እያስኬዱ፣ እርስዎን ምን ያሯሩጥዎታል? ባለፈውም ነግረንዎታል። ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ስንል ለእግርዎ ብቻ አይደለም፣ ለጠባይዎም ነው። አንዳንድ ሰው ስፖርት ሲሠራም ጠብ ላይ ነው። እግሩ ይሄዳል፣ ጥርሱ ተነክሷል፣ ሐሳቡ ማንን ልቅደም ነው። ይሄ እረፍት አይሆንም። ሲሄዱ ማውራት ካቃትዎት በዝቷል ማለት ነው። ከባለቤትዎ ይማሩ።» ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ፣ ውጭ አግዳሚው ላይ ተራ ለሚጠብቁት ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «እንደ እኚህ አባት ነው እንግዲህ! ሚስታቸውን ይዘው እየሄዱ ስኳሯን አወረዱላት።»

ሲወጡ አግዳሚው ሁሉ አያቸው። ግራጫ ኮት የለበሰ አንድ ጎልማሳ የፍሰሐን እጅጌ ያዝ አደረገ። «ጋሼ፣ የኔዋ እምቢ አለችኝ። ብቆጣትም፣ ብለምናትም ከሶፋ አትነሳም። እንዴት አድርገው ነው እርስዎ?» ፀሐይቱ የጫማዋን ጫፍ ትመለከታለች።

«አትቆጣት» አለ ፍሰሐ።

«እሺ። ከዚያስ?»

«ከዚያ…» እጅጌውን ከሰውየው እጅ ቀስ አድርጎ አወጣ። «ከዚያ እኔም አላውቅም።»

ከጥግ የተቀመጡ አሮጊት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትሕትናቸውን አያችሁ? የደግ ሰው ምልክቱ ይሄ ነው» አሉ። ፍሰሐ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ወጣ።

በመመለሻቸው የልደታ ማርያም በር ላይ ቆሙ። ፀሐይቱ ነጠላዋን አጣፍታ ግንቡን ተሳለመች፣ ከንፈሯ ለረጅም ጊዜ ይንቀሳቀስ ነበር። ፍሰሐ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ፤ ጸሎት ፈለገ፣ አጣ። በአፉ የሚመጣለት «ይቅር በይኝ» ብቻ ነበር፤ ያንንም ለማን እንደሚለው እርግጠኛ አልነበረም። አጠገቡ ላለችው ለማለት ዞር ሲል፣ ፀሐይቱ «ፀሐዩ በረታ፣ እንሂድ» አለችው። ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ቤርሳቤህ ደወለች። ፀሐይቱ ሳሎን ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ እጇ ሥራ ላይ ስለሆነ እንደ ልማዷ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጭኗ ላይ አኖረችው። ፍሰሐ ከፊት ለፊቷ ነው። ልጂቱ ውጤቱን ጠየቀች፤ «ተመስገን፣ ቀንሷል» አለቻት እናቷ።

«እሰይ። ግን እማዬ፣ በመድኃኒት ብቻ እንዳትተማመኚ። አባዬ እሁድ ነግሮኛል። ቀኑን ሙሉ ከአልጋ አትወርድም አለኝ። ሰው እስከ መቼ እየለመነሽ ትኖሪያለሽ? ለራስሽ እኮ ነው! ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ግን ይሄ ስንፍና ነው።»

«እሺ ልጄ» አለች ፀሐይቱ። አንዷን ፍሬ ልጣ ሳህኑ ላይ ጣለችና ሌላዋን አነሳች።

ፍሰሐ አላስቻለውም። «ቤርሳቤህ!»

«አባዬ፣ አለህ እንዴ?»

«አለሁ። እናትሽ ትሄዳለች። ስንፍና የለባትም። ጠዋት በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ሶፋውን ገፍታ፣ በካልሲዋ፣ ጠረጴዛውን ስትዞር። ከእኔ ተደብቃ ነው። እኔ እንዳልጮህባት ብላ ነው። ጤና ጣቢያም እኔ ነኝ የማስኬዳት ብዬ ዋሸሁ፣ እሷም ሸፈነችልኝ። አንቺንም ያልሆነ ነገር ነግሬሻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እማዬ…» አለች ቤርሳቤህ ቀጭን በሆነ ድምፅ። «እማዬ፣ እውነት ነው?» ፀሐይቱ «ኋላ እደውልልሻለሁ» ብላ በትንሿ ጣቷ ስልኩን ዘጋችው።

ፍሰሐ ደረቱ ቀሎት ነበር። ንስሐ ገብቶ እንደወጣ ሰው ሚስቱን ቀና ብሎ አያት፤ ፊቷ ሲፈታ ሊያይ ነው። ፊቷ ግን ደም አልነበረበትም። ነጠላዋን ስባ፣ ልብሷን አውልቃ ሰው እንደደረሰባት ሴት፣ እግሯን ሸፈነች።

«የት ቆመህ ነው ያየኸኝ?»

«ኮሪደሩ ላይ።»

«ሸምሲንም ሰማሃት? ያልኩትንም?»

«ሰማሁ።»

«እንግዲህ ሳሎኑንም ወሰድክብኝ።» ቢላዋውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «ለሷ መንገር ነበረብህ? ለልጄ? ዛሬ ደግሞ በካልሲ ጠረጴዛ የምትዞር እብድ እናት አደረግከኝ።»

«እኔ እኮ ስምሽ ይጥራ ብዬ ነው፣ ላንቺ ብዬ…»

«ማን ጠየቀህ?»

ፍሰሐ ከመቀመጫው ተነሳ። ያበላሸውን ባስቸኳይ ማስተካከል አለበት፤ እሱ ሌላ መንገድ አያውቅም። «በቃ፣ ነገ አብረን እንወጣለን። እኔ ከኋላሽ ነኝ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እንነሳ፣ መጀመሪያ በታችኛው በር፣ ከዚያ ሰውም የማይበዛበት በኩል…» እጁ አየር ላይ መንገዱን ያመለክት ነበር።

«ይኸው» አለች ፀሐይቱ።

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ድምፁን ራሱ ሰማው፤ የስምሪት ድምፅ ነበር። ቁጭ አለ። ከታች ቤት የሽንኩርት ቁሌት ይሸታል፣ በረንዳው ላይ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ውሃው መጥቶለት ይንፎለፎላል፣ ግቢ ውስጥ ኳስ ግድግዳ ይመታል። ፀሐይቱ ሽንኩርቱን ልጣ ጨረሰች፣ ቅርፊቱን ሰበሰበች፣ ሳህኑን ወጥ ቤት አስገብታ ተመልሳ ባዶ እጇን ተቀመጠች። ፍሰሐ ሊላት የሚፈልገው ሁሉ ሲመረመር ትእዛዝ ሆኖ ይገኛል፤ ይቅርታው እንኳ «አሁኑኑ ይቅር በይኝ» የሚል ሽታ አለው። የፀሐዩ ብርሃን ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ሲዞር፣ በመጨረሻ ዕድሜ ልኩን ማንንም ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቀ።

«እኔ የት ልሁን?»

ፀሐይቱ ጥያቄውን ገልብጣ ያየችው ይመስላል። «ቤት» አለች።

«እሺ።»

«መስኮት ላይ አይደለም።»

«እሺ።»

«በረንዳም አትወጣም።»

«እሺ።»

ስልኩን አንስታ ደወለች። «ሸምሲ፣ ውረጂ። እኔ ግቢ ልወርድ ነው።»

«በአላህ? አሁን? ጋሽ ስምሪትስ?»

«እዚሁ ናቸው፤ ይሰሙሻል።»

«ኡኡቴ!» አለ ስልኩና ተዘጋ። የፀሐይቱ የከንፈሯ ዳር ትንሽ የተነቃነቀ መሰለው፤ እርግጠኛ ግን አይደለም። ጫማዋን አድርጋ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። እርምጃዋን እስከ ታች ድረስ ተከተለው፤ በየፎቁ መታጠፊያ ትንሽ እያረፈች ወረደች።

ፍሰሐ ወንበሩን አዞረና ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። ከታች የሰው ድምፅ መጣ። «እትዬ ፀሐይ! ከየት ተገኘሽ?» የሚል፣ የሸምሲያ ሳቅ፣ ስለ ዘይት ዋጋ የሚያማርር አንድ ሰው። ከዚያ ኳሱ ቆመ፤ የልጆች ድምፅ ተንጫጫ። «ኤሊዋ መጣች! ኤሊ! ኤሊ!»

ደሙ ወደ ራሱ ወጣ። ሊቆጣ ነበር፤ ከዚያ ቃሉን አወቀው። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ እሱ ከግቢው በር ሆኖ፣ እሷ ገና መሀል ሜዳ ላይ ሳለች፣ ሕንፃው ሁሉ እየሰማ «እንደ ኤሊ አትጎተቺ፣ ሰው እየጠበቀሽ ነው!» ብሎ የጮኸው እሱ ነው። በማግስቱ ነው ጉልበቴን ያለችው። እሱ ረስቶት ነበር። ልጆቹ አልረሱም፤ ስም አድርገው አሳድገውታል። እሷም ይህንን ስም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆና ከሱ ስትሸሽግ ኖራለች። ፍሰሐ ተነሳ። በረንዳው ላይ ወጥቶ አንድ ጊዜ ቢያገሳ ግቢው ጸጥ እንደሚል ያውቃል፤ መጋረጃውን ጨብጧል። ግን «እሺ» ብሏል። ሊከላከልላት ቢወጣ እንደገና ሊያያት ነው፣ እንደገና ሊጮህ ነው፣ እሷም እንደገና ልትተሳሰር ነው። ጨርቁን ለቀቀው። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ከሜክሲኮ ደርሶ መልስ ይልቅ ይህ አድክሞታል።

ከታች የሚስቱ ድምፅ መጣ፤ ረጋ ያለ፣ የተረጋጋ ትንፋሽ ያለው። «አዎ፣ ኤሊ ነኝ። ምን ይጠበስ? ኑ እስቲ፣ ማን ነው ከኋላዬ ሳይቀድመኝ የሚሄድ? የቀደመ ይወድቃል!» ጫጫታ ሆነ፣ «እኔ! እኔ!» ተባለ፣ ቀጥሎ ሳቅ የተቀላቀለበት ዝምታ፤ በዝምታው ውስጥ ደግሞ ብዙ ትናንሽ እግሮች ሲሚንቶው ላይ ቀስ፣ ቀስ እያሉ ሲጎተቱ ሰማ። ሸምሲያ «ሁመድ! ሁመድ፣ ና ውጣ ይሄን እይ!» ትላለች። መስኮቶች ሲከፈቱ፣ ሰዎች በየበረንዳው ሲሳሳቁ ይሰማል። ሕንፃው ሁሉ ያያል። ፍሰሐ ብቻ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ ያዳምጣል።

መሸት ሲል ፀሐይቱ ገባች። ፊቷ ወዝቷል፣ አያለከልክም። ወንበሩ ወዴት እንደዞረ አየች፣ መጋረጃውን አየች።

«አየኸን?»

«አላየሁም።»

ነጠላዋን አውልቃ ሶፋው ላይ አኖረችና ወደ ወጥ ቤቱ ሄደች። መጥበሻው ምድጃው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«ነገም እንዳታይ» አለችው፣ ከዚያው ሆና።